ዛጎል ለመስበር ስንት ጁል ያስፈልጋል? በራሳችሁ እጅ የመገመቻ አሠራር

ብዙ ሰው "ይሄን ዛጎል ለመስበር ስንት ጁል ይፈጃል" ብሎ ሲጠይቅ የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ የሆነ ሰንጠረዥ ላይ ተፅፎ የተቀመጠ ቁጥር ያለ መስሎኝ ስፈልግ ነበር። ደጋግሜ ስሞክር የገባኝ ግን ቁጥሩ የዛጎሉ ብቻ አይደለም፣ የምትመቱበት እቃ፣ ዛጎሉ የተቀመጠበት ወለል፣ በየትኛው ጎኑ እንደተኛ፣ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ፣ ይሄ ሁሉ እዛ ቁጥር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ሦስት መንገድ ነው፣ በወረቀት ማስላት፣ ክብደት መጣል እና ቀስ እያሉ መጫን። ሦስቱም የተለያየ ቁጥር ይሰጧችኋል፣ እንዳትደነግጡ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስትፈልጉት ነው ነገሩ በደንብ የሚገባችሁ።

መጀመሪያ ግን ፎርስና ኢነርጂን እንለይ

በአማርኛ ስናወራ ሁለቱንም "ጉልበት" ስለምንላቸው ስህተቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይጀምራል። ፎርስ ማለት ምን ያህል ተጫናችሁት ነው፣ በኒውተን ይለካል። ኢነርጂ ደግሞ ያ ጫና ምን ያህል ርቀት እየገፋ ሄደ የሚለውንም ይጨምራል፣ በጁል ይለካል። ዛጎል ላይ 20 ኪሎ ጭናችሁ ዛጎሉ ንቅንቅ ካላለ ክብደቱ እዛው ቀኑን ሙሉ ቢውልም ተጨማሪ ኢነርጂ አልሰጣችሁትም። "ይሄ ዛጎል 25 ኪሎ ይችላል" የሚል ሰው የነገራችሁ ፎርሱን ነው፣ ኢነርጂውን ለማወቅ ከመሰበሩ በፊት ስንት ሚሊሜትር እንደሰመጠ የግድ መጠየቅ አለባችሁ።

1 ጁል በእጅ ሲታሰብ ደግሞ ትንሽ ነገር ነው፣ 100 ግራም የሚሆን ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ ላይ ለቃችሁት መሬት ሲደርስ የያዘው ኢነርጂ 1 ጁል ገደማ ነው። አብዛኛው መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ቀጭን ዛጎል ከዚህ በታች ባለ ኢነርጂ ይሰበራል፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ስሌታችሁ 50 ጁል ካለ ወይም 0.00005 ካለ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

ብዙ አይደለም። እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ካሊፐር (ውፍረት በማስመሪያ አይለካም፣ አትሞክሩት)፣ 1 ሜትር የሚሆን ውስጡ ለስላሳ የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ ሳይጣበቅ የሚያልፍ የብረት ኳስ ወይም ጫፉ ክብ የሆነ ብረት፣ ወፍራም ብረት ወይም ኮንክሪት ወለል፣ ክር፣ ስሎው ሞሽን የሚቀርፅ ስልክ፣ ደብተር። ለመጫኛው ሙከራ ደግሞ የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛንና አንድ ወፍራም ቡሎን።

የዓይን መነፅር አለማድረግ የለም። የዛጎል ስብርባሪ እንደ ምላጭ ነው፣ ሲሰበር ደግሞ ወደየት እንደሚፈናጠር አይታወቅም። ብናኙንም አትተንፍሱት፣ ስትፈጩ ማስክ አድርጉ ወይም አርጥቡት።

ዛጎሎቹን መምረጥ፦ አንድ አይነት ዝርያ፣ ተቀራራቢ መጠን፣ ቢያንስ 15 ቢቻል 20 ፍሬ። ባዶ መሆናቸውን ገልብጣችሁ እዩ፣ ውስጡ እንስሳ ያለበትን እዛው ተዉት፣ መልቀም የተከለከለበት የባሕር ዳርም ስላለ ቀድማችሁ አጣሩ። ፀሐይ ላይ ብዙ ቆይቶ ነጭ የሆነና የፈዘዘ ዛጎል ከትኩሱ ጋር አትቀላቅሉ። ለማፅዳት ብላችሁ በረኪና ውስጥ እንዳትዘፈዝፏቸው አደራ፣ አትቀቅሏቸውም። ዛጎልን ዛጎል ያደረገው ሙጫ የሚጠፋው እንደዛ ነው፣ አሁን እሱን ላስረዳ።

ዛጎል ለምን እንዲህ ጠነከረ

ዛጎል በክብደት ከ95 በመቶ በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ያው የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር። የቀረችው ትንሽ ፐርሰንት ፕሮቲንና ካይቲን ናት፣ ጨዋታውን የምትቀይረው ግን እሷ ናት። ውስጡ እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጨውን ንብርብር ውሰዱ፣ ኔከር ይሉታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጡብ ግንብ ነው፣ እያንዳንዱ ጡብ ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር፣ መሀል ላይ ደግሞ እጅግ ቀጭን የፕሮቲን ሙጫ አለ። ስንጥቅ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ማለፍ አይችልም፣ በየጡቡ ጥግ ይዞራል፣ ጡቦቹ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተቱ ሙጫውን ይስባሉ፣ ይሄ ሁሉ ኢነርጂ ይበላል።

በቁጥር እንየው። ንፁህ የካልሳይት (ካልሲየም ካርቦኔት የሚይዘው አንዱ የክሪስታል መልክ) ክሪስታል በሚሰነጠቅበት ፊቱ ላይ አዲስ ገፅ ለመክፈት የሚፈልገው 0.23 ጁል በስኩዌር ሜትር አካባቢ ነው። ስንጥቅ ሁለት ገፅ ስለሚከፍት በሁለት አባዙት፣ 0.46። እርጥብ ኔከር ግን በላብራቶሪ ሲለካ ከ1000 ጁል በስኩዌር ሜትር በላይ ተገኝቶለታል። ኮንች የሚባለው ትልቁ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል ደግሞ ክሪስታሎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለተነባበሩ 10,000ን ያለፈ ልኬት አለው። ማቴሪያሉ ያው አንድ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ልዩነቱ ግን ከሺህ ጊዜ በላይ። ግሪፊዝ የተባለ መሐንዲስ በ1921 ባወጣው ስለ ስንጥቅ የሚያወራ ቲዎሪ ላይ ኢነርጂው የሚሄደው አዲስ ገፅ ለመክፈት ነው፣ ለመስታወት በደንብ ይሠራል፣ ዛጎል ላይ እሱን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ሺህ እጥፍ ትሳሳታላችሁ።

አንደኛ መንገድ፦ በወረቀት

ዛጎሉን መዝኑ። ውፍረቱን በካሊፐር ቢያንስ አምስት ቦታ ለኩ፣ ጠርዙ ላይ፣ መሀሉ ላይ፣ ማጠፊያው ጋ፣ ምክንያቱም አንድ ዛጎል ላይ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፣ ጠርዙን ብቻ ለክቶ የሚያሰላ ሰው ሁሌም አሳንሶ ነው የሚገምተው። መሀሉ ላይ የካሊፐሩ ጥርስ ካልደረሰላችሁ አንዱን ዛጎል መስዋዕት አድርጉና ሰብራችሁ ስብርባሪውን ለኩ።

ከዛ ስንጥቁ ስንት ርዝመት ይኖረዋል የሚለውን ገምቱ። እኔ የማደርገው አንድ ናሙና ሰብሬ ቁርጥራጮቹን መልሼ እገጥምና ስንጥቁን ተከትዬ ክር አስኬዳለሁ፣ ክሩን ዘርግቼ እለካለሁ። ሁለት ቦታ የተከፈለ ዛጎል አንድ መስመር ነው፣ አምስት ቦታ የሄደ ግን ሁሉም መስመር ይደመራል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ኢነርጂ ማለት የስንጥቅ ርዝመት ሲባዛ በውፍረት ሲባዛ በስብራት ኢነርጂ (ቅድም በጁል በስኩዌር ሜትር ያየነው፣ አንድ ስኩዌር ሜትር ስንጥቅ ለመክፈት የሚፈጀው)። ለምሳሌ 2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 60 ሚሊሜትር ስንጥቅ፣ ስፋቱ 120 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፣ ወደ ሜትር ሲቀየር 0.00012 ስኩዌር ሜትር። የስብራት ኢነርጂውን በግምት 500 ብላችሁ ካባዛችሁት 0.06 ጁል ይመጣል። ዝርያውን በደንብ ካላወቃችሁት አንድ ቁጥር ላይ ሙጭጭ አትበሉ፣ በ100ም በ1000ም አስሉና ታችኛውንና ላይኛውን ፃፉ፣ በዚህ ምሳሌ ከ0.012 እስከ 0.12 ጁል ማለት ነው። በጣም ወፍራም ኮንች ከሆነ ግን 5 ሚሊሜትር ውፍረት በ100 ሚሊሜትር ስንጥቅ በ10,000 ሲባዛ 5 ጁል ይደርሳል፣ ከቀጭኑ 0.06 ጁል ሰማንያ እጥፍ ገደማ ነው፣ ኮንችን በእጅ መዶሻ ሞክሮ የደከመው ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል።

ይሄ የወረቀት ግምት የታችኛው ድንበር ነው፣ የስብራት ኢነርጂውን በትክክል ከገመታችሁት ከዚህ በታች ብዙም አይወርድም። በተግባር የምትከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በላይ ነው።

ሁለተኛ መንገድ፦ ክብደት መጣል

እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው፣ መሣሪያው ቀላል ሆኖ ሳለ በደንብ ከተሠራ የሚታመን ቁጥር ይሰጣል። ቀመሩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በከፍታ በሜትር። 200 ግራም ከ30 ሳንቲሜትር ላይ ሲወድቅ 0.2 ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በ0.3፣ 0.59 ጁል። ቀመሩ ቀላል ነው፣ ሥራው ያለው ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ማድረጉ ላይ ነው።

ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ በክርና በብረት ቱምቢ ሠርታችሁ አረጋግጡ፣ ትንሽ እንኳን ካዘመመ ኳሱ ግድግዳውን እየታከከ ይወርዳል። ጎኑ ላይ በየ5 ሳንቲሜትሩ ቀዳዳ ብሱ፣ ሁለት ጥቅም አለው፣ አየሩ መውጫ ያገኛል፣ ሚስማር ሰክታችሁበት ኳሱን እዛ ላይ አሳርፋችሁ ስትፈልጉ ሚስማሩን ሳብ ነው፣ በእጅ ከመልቀቅ በጣም ይሻላል፣ እጅ ሳናውቀው ይገፋል። ከፍታው የሚለካው ከኳሱ ታችኛ ጫፍ እስከ ዛጎሉ አናት ነው፣ እስከ ወለሉ አይደለም። ይሄን የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፣ ዛጎሉ 3 ሳንቲሜትር ከፍታ ካለው በ25 ሳንቲሜትር ላይ ከ10 በመቶ በላይ ስህተት ይፈጥራል።

ፍሪክሽን ስንት እንደበላ በስልክ ማየት ይቻላል። ቱቦው ጫፍ ላይ ማስመሪያ አስደግፉና በሴኮንድ 240 ፍሬም ቅረፁ። ከ30 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ፍሪክሽን የወደቀ ነገር ታች ሲደርስ ፍጥነቱ 2.4 ሜትር በሴኮንድ ነው፣ ማለትም በእያንዳንዱ ፍሬም 1 ሳንቲሜትር ይሄዳል። እናንተ 9 ሚሊሜትር ካነበባችሁ ፍጥነቱ 10 በመቶ ቀንሷል፣ ኢነርጂ ግን ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ የጠፋው 19 በመቶ ነው። እሱን ቀንሱ ወይም ቱቦውን አስተካክሉ።

"ተሰበረ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ፃፉት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን እኔ የመጀመሪያውን ሙከራዬን ሙሉ በሙሉ የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ ግማሹን ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ሲያወጣ "ተሰበረ" ብዬ ግማሹን ደግሞ ሁለት ቦታ ሲከፈል ነው ያልኩት፣ መጨረሻ ላይ ደብተሩን ሳየው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አሁን የምጠቀመው መለያ ይሄ ነው፦ የስልክ መብራት ዛጎሉ ውስጥ አስገብቼ ክፍሉን አጨልሜ አያለሁ፣ ስንጥቁ ከውስጥ እስከ ውጭ ካለፈ ቀጭን የብርሃን ክር ከጫፍ ጫፍ ይታያል፣ እሱ ከታየኝ ተሰብሯል። ጆሮም ይረዳል፣ ደህና ዛጎል በጥፍር ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው ግን እንደ ነቃ ሸክላ ደንዘዝ ይላል። ብርሃኑ ሳይታይ ድምፁ ከተቀየረ "ተጎድቷል" ብዬ ለብቻ እመዘግባለሁ።

አንድ ዛጎል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። ካልተሰበረ ከፍ አድርጌ ልድገመው አትበሉ፣ የመጀመሪያው ምት በዓይን የማይታይ ጉዳት ትቶበት ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛው ላይ የምታነቡት ቁጥር የደህና ዛጎል ቁጥር አይደለም።

ታዲያ እያንዳንዱ ዛጎል "ተሰበረ" ወይም "አልተሰበረም" ብቻ ካለ ልኩን እንዴት እናገኛለን? ደረጃ ወጣ ወረድ በሚባለው ዘዴ ነው፣ ዲክሰንና ሙድ የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1948 ያሳተሙት ነው። የመጀመሪያውን በግምት ከሆነ ከፍታ ላይ ትጥላላችሁ፣ ካልተሰበረ የሚቀጥለውን ዛጎል አንድ እርምጃ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከተሰበረ አንድ እርምጃ ዝቅ አድርጋችሁ ትጥላላችሁ፣ እንዲህ እያላችሁ እስኪያልቅ። ለምሳሌ በ100 ግራም ኳስ፣ በ5 ሳንቲሜትር እርምጃ፦ 20 አልተሰበረም፣ 25 አልተሰበረም፣ 30 ተሰበረ፣ 25 ተሰበረ፣ 20 አልተሰበረም፣ 25 አልተሰበረም፣ 30 ተሰበረ፣ 25 አልተሰበረም፣ 30 ተሰበረ፣ 25 ተሰበረ፣ 20 አልተሰበረም፣ 25 ተሰበረ። የመጀመሪያዋን 20 ተዉአትና (ገና ወደ ቦታው እየሄድን ስለነበር) የቀሩትን 11 ከፍታዎች አማካይ ውሰዱ፣ 25.5 ሳንቲሜትር አካባቢ ይመጣል። 0.1 ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በ0.255፣ 0.25 ጁል። ይሄ ቁጥር ማለት ከእነዚህ ዛጎሎች ግማሹ የሚሰበርበት ኢነርጂ ነው፣ ሁሉም የሚሰበርበት አይደለም፣ ስትፅፉት ይሄን ጨምሩ።

ኳሱ ከዛጎሉ በደንብ የሚከብድ ይሁን፣ ግን ደግሞ ከ10 ሳንቲሜትር በታች የሚሰብር ከባድ ኳስ አትጠቀሙ፣ ከፍታው ሲያንስ ግማሽ ሳንቲሜትር ስህተት እንኳን ትልቅ ይሆናል። ክብደት ቀንሱና ከፍታ ጨምሩ።

አቀማመጥና ወለል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ክዳን ካለው ዛጎል አንዱን ክዳን ጉብታው ወደ ላይ ሆኖ ስታስቀምጡት እንደ ቅስት ነው የሚሠራው፣ ምቱን ወደ ጠርዙ ያከፋፍላል፣ ማቴሪያሉ ደግሞ ለመጨመቅ ጠንካራ ለመወጠር ግን ደካማ ስለሆነ ቅስቱ ይጠቅመዋል። ገልብጣችሁ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ካስቀመጣችሁት ግን ከታች ያለው ገፅ ይወጠራል፣ ወለሉን የሚነካውም በአንዲት ነጥብ ነው፣ ያው ዛጎል ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስለዚህ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻ አትቀይሩ። ጉብታው ወደ ላይ ሲሆን የሚወዛወዝ ከሆነ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ላይ አሽታችሁ አስተካክሉት፣ ሦስት ነጥብ ላይ ብቻ የቆመ ዛጎል ቶሎ ይሰበራል።

ወለሉ ደግሞ ኢነርጂ ይሰርቃል። ወፍራም ብረት ኮንክሪት ላይ አስተኝታችሁ የምታገኙት ቁጥር ዝቅተኛው ነው፣ እንጨት ላይ ያው ዛጎል የበለጠ ይፈልጋል፣ አሸዋ ላይ ጭራሽ ገባ ብሎ ይቀመጣል እንጂ ላይሰበር ይችላል። ወፎች ይሄን ያውቁታል፣ ዛጎል ይዘው ወደ ላይ በረው የሚጥሉት ድንጋይ ላይ ነው። ሬቶ ዛክ የሚባል ተመራማሪ ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ማንዳርቴ ደሴት ላይ ቁራዎችን አጥንቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያሳተመው ሥራ እስካሁን ይጠቀሳል፣ ቁራዎቹ የባሕር ቀንድ አውጣውን የሚጥሉት ከ5 ሜትር አካባቢ ነበር፣ እሱ ራሱ ከተለያየ ከፍታ እየጣለ ሲያሰላ ደግሞ በድምሩ ትንሹን የመውጣት ልፋት የሚጠይቀው ከፍታ እሱ ሆኖ አገኘው፣ ከዛ ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ መጣል ይኖርባቸዋል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ጥቅሙ አይጨምርም። ቁራዎቹ ትልልቁን መምረጣቸውም ከቀመሩ ጋ ይሄዳል፣ ዛጎሉ ራሱ ሲወድቅ ክብደቱ ነው ኢነርጂውን የሚያመጣው። 10 ግራም ዛጎል ከ5 ሜትር ሲወድቅ 0.49 ጁል ነው። እናንተም ቱቦ ከሌላችሁ ዛጎሉን ራሱን መጣል ትችላላችሁ፣ ችግሩ ግን በየትኛው ጎኑ እንደሚያርፍ መቆጣጠር አለመቻሉ ነው፣ ስለዚህ የናሙናውን ብዛት እጥፍ አድርጉት።

የመቺው ቅርፅም አለ። ሹል ጫፍ በትንሽ ኢነርጂ ቀዳዳ ይበሳል፣ ጠፍጣፋ ጫፍ ብዙ ይፈልጋል። ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ ዛጎል የሚሰብረው እንደ መዶሻ ክብ በሆነ የእጁ ጫፍ ነው፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 23 ሜትር ፎርሱ ደግሞ ወደ 1500 ኒውተን የደረሰ ተለክቷል፣ ከምቱ በኋላ ውሃው ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ወደ ውስጥ ሲደረመስ ሁለተኛ ምት ይጨምርለታል፣ እንደዛም ሆኖ ወፍራም ዛጎል ላይ ደጋግሞ ነው የሚመታው። ከደብተራችሁ ላይ የኳሱ ዲያሜትር እንዳይቀር።

እርጥበቱን ደግሞ አንድ አይነት አድርጉ። እርጥብ ኔከር ከደረቁ ይልቅ ኢነርጂ ይበላል፣ ውሃው ሙጫውን ስለሚያለሰልሰው ከመበጠስ ይልቅ ይለጠጣል። ወይ ሁሉንም አንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ እርጥብ እያሉ፣ ወይ ሁሉንም ጥላ ላይ አድርቃችሁ።

ሦስተኛ መንገድ፦ ቀስ ብሎ መጫን

ጠንካራ ከብረት የተሠራ ፍሬም ላይ ቡሎን አሳልፉ፣ ከሥር የሰው ሚዛን፣ ሚዛኑ ላይ ብረት፣ ብረቱ ላይ ዛጎሉ፣ ቡሎኑን ስታዞሩ ይጫነዋል። ኤም10 ቡሎን በተለመደው ጥርሱ አንድ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ሩብ ዙር ማለት 0.375 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ ቡሎኑ ራስ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ርቀት መለኪያ አገኛችሁ ማለት ነው። በየትንሿ ዙር ሚዛኑ ላይ ያለውን ኪሎ ፃፉ፣ ጠቅ እስኪል ድረስ። ኪሎውን በ9.81 ስታባዙት ኒውተን ይሆናል።

ወሳኙ ነገር፦ ሚዛኑም ፍሬሙም ራሳቸው ይሰምጣሉ። ዛጎሉን አውጥታችሁ በቦታው ድፍን ብረት አድርጋችሁ ያንኑ ኪሎ እስኪያነብ አዙሩ፣ ያ ርቀት የመሣሪያው ነው፣ ከጠቅላላው ቀንሱት። ለምሳሌ ዛጎሉ 25 ኪሎ ላይ ጠቅ አለ እንበል፣ 245 ኒውተን ነው። ጠቅላላ ርቀቱ 1.3 ሚሊሜትር፣ የመሣሪያው ብቻ 0.9፣ የዛጎሉ ድርሻ 0.4 ሚሊሜትር። ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ኢነርጂው ከሥሩ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ግማሽ ሲባዛ በ245 ሲባዛ በ0.0004፣ 0.049 ጁል። ግራፉ ጠቅ ጠቅ እያለ ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ግን ሦስት ማዕዘን አይሠራም፣ በየክፍተቱ ያለውን ስፋት እየደመራችሁ ሂዱ። መቀነሱን ረስታችሁ ቢሆን ኖሮ ከሦስት እጥፍ በላይ ታጋንኑ ነበር።

እና አሁን ሦስት ቁጥር አለን፣ በወረቀት 0.06፣ በመጫን 0.049፣ በመጣል 0.25። የመጀመሪያ ሁለቱ መቀራረባቸው ደስ ይላል ግን 0.06ቱ 500 በሚል ግምት የመጣ ስለሆነ ብዙም አትመኩበት፣ እንደውም ከመጫኑ ቁጥር ወደ ኋላ ብትሄዱ ለዝርያችሁ የሚሆነውን የስብራት ኢነርጂ ታገኛላችሁ፣ 0.049 ሲካፈል ለ0.00012፣ 408 ጁል በስኩዌር ሜትር። በመጣል ያለው አምስት እጥፍ ለምን ሆነ? ኳሱ ከነካ በኋላ ነጥሯል፣ ስብርባሪው ፍጥነት ይዞ ሄዷል፣ ወለሉ ተንቀጥቅጧል፣ ኳሱ የነካው ቦታ ላይ ዛጎሉ ዱቄት ሆኗል፣ ስንጥቁም ከአንድ መስመር በላይ ነው። የነጠረውን በቪዲዮ መለካት ትችላላችሁ፣ ከ25 ሳንቲሜትር ወድቆ 4 ሳንቲሜትር ከነጠረ 16 በመቶው ዛጎሉ ውስጥ አልገባም። ስብርባሪውን ሰብስባችሁ ክር ካስኬዳችሁበት ደግሞ የስንጥቁን ትክክለኛ ርዝመት ታገኛላችሁ። ሁሉን ከቀነሳችሁ በኋላ የሚቀር ልዩነት ይኖራል፣ ይኑር፣ "በመጣል 0.25፣ በመጫን 0.05" ብላችሁ ሁለቱንም ፃፉ። ማወቅ የምትፈልጉት ስንት ኢነርጂ እንደምታወጡ ከሆነ የመጣሉን ውሰዱ፣ ዛጎሉ ራሱ ስንት እንደሚበላ ከሆነ ደግሞ የመጫኑን።

ወደ ሌላ መጠን ለማሸጋገር

ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚሰብረው ፎርስ ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል፣ ኢነርጂው ግን የግድ አራት እጥፍ አይሆንም ምክንያቱም ወፍራሙ ዛጎል ግትር ስለሆነ የሚሰምጠው ያንሳል፣ ለጥ ላለ ዛጎል ሁለት እጥፍ አካባቢ፣ በደንብ ለጎበጠ ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ጠጋ ይላል። ስለዚህ ከትንሹ ዛጎል ተነስታችሁ የትልቁን ስትገምቱ ሁለቱንም ዳር ፃፉ፣ ከዛ ከትልቁ ሦስት አራት ፍሬ ሰብራችሁ የቱ ጋ እንደሚወድቅ እዩ። አንድ አይነት ዝርያ ውስጥ እንኳን አንዱ ከሌላው እጥፍ ሊለይ ይችላል፣ የሚዛናችሁ ስህተት ከዚህ አንፃር ምንም ነው፣ ጊዜያችሁን ናሙና መጨመር ላይ አውሉት።

ብዙ ዛጎል መፍጨት ከሆነ ሐሳባችሁ

ይሄ ሌላ ስሌት ነው፣ አንድ ዛጎል መስበርን በፍሬ ብዛት በማባዛት አይመጣም፣ መፍጨት ማለት የተሰበረውን መልሶ መልሶ መስበር ስለሆነ። እዚህ ላይ ፍሬድ ቦንድ የተባለ መሐንዲስ በ1952 ያወጣው ቀመር ይሠራል። በቶን የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ማለት 10 ሲባዛ በማቴሪያሉ ኢንዴክስ (ለመፈጨት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያሳይ ቁጥር) ሲባዛ በ(1 ሲካፈል ለስኩዌር ሩት የወጪው መጠን ሲቀነስ 1 ሲካፈል ለስኩዌር ሩት የገቢው መጠን)፣ መጠኖቹ በማይክሮሜትር ናቸው፣ 80 በመቶው የሚያልፍበት የወንፊት ቀዳዳ ማለት ነው። የኖራ ድንጋይ ኢንዴክስ 12 ገደማ ስለሆነ ለዛጎል መነሻ እሱን ውሰዱ። 20 ሚሊሜትር ስብርባሪ ወደ 1 ሚሊሜትር ለማድረስ፣ 120 ሲባዛ በ(0.0316 ሲቀነስ 0.0071)፣ 2.9 ኪሎዋት ሰዓት በቶን ይመጣል፣ ማለትም በግራም 10 ጁል አካባቢ። አንድ 10 ግራም ዛጎል ሁለት ቦታ ለመክፈል ሩብ ጁል በቂ ሆኖ ሳለ ወደ 1 ሚሊሜትር ለማውረድ ግን 100 ጁል ይጠይቃል፣ ፍርክስክስ ማድረግ ሁሌም ከመስበር በጣም ይወደዳል።

ወፍጮ ካላችሁ ይሄን ግምት በቆጣሪ አረጋግጡ። ባዶውን አስነስታችሁ ለአምስት ደቂቃ የሚፈጀውን አንብቡ፣ ከዛ የተመዘነ ዛጎል አስገብታችሁ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ያለውን አንብቡ፣ ለዛው ያህል ጊዜ ባዶው የሚፈጀውን ቀንሱ፣ የቀረውን ለዛጎሉ ኪሎ አካፍሉ። የወጣውን በ1 ሚሊሜትር ወንፊት ንፉና ያላለፈው ከ20 በመቶ ከበለጠ መልሳችሁ ፍጩት፣ ሰዓቱም ቆጣሪውም ካቆመበት ይቀጥል።